ባላምባራስ ይርዳውና የሙታኑ ፊልም

ባላምባራስ ይርዳው የሚባሉ ሰው በዚህ ምድር ላይ ኖረው አያውቁም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። ፍኖተ ሰላም፣ ከቤቴ ሳልወጣ፣ ሽንኩርት እየላጥኩ ፈጠርኳቸው። ከዚያ በኋላ ግን ከእጄ ወጡ። ቡሬ ገቡ፣ በቅሎ ገዙ፣ የልጄንም ጋብቻ ሊያፈርሱ ደረሱ።

ብዙ ማውራት ልማዴ አይደለም። ባለቤቴ «አንቺ ቃል በወንፊት ነፍተሽ ነው የምታወጪ» ይለኛል። ይህን ግን እኔ ካልተናገርኩት ሌላ ሰው ጨማምሮ ይናገርብኛል።

ነገሩ የጀመረው በልጄ በቤዛ ነው። ቤዛ አንድዬ ልጄ ናት። በተጋባን በዐሥራ አንደኛው ዓመት በስለት ያገኘኋት ናት። ስለቱን ከፍያለሁ፤ ምስጋናውን ግን እስከ ዛሬ አልጨረስኩም። አሁን አድጋ እዚሁ ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ከሥራ ስትመለስ እጇን ታጥባ፣ እራቷን በልታ፣ ፊልም ታያለች። ከፊልምም የሙታን ፊልም።

ለማያውቀው በአጭሩ ልንገር። በአንድ አገር በሽታ ይገባል። የሞተ ሰው ይነሣል። ተነሥቶም እንደ አልዓዛር በሰላም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ያገኘውን ሰው ይነክሳል። የተነከሰውም ይሞትና ይነሣል። ልጆቹ ዞምቢ ይሏቸዋል። ያልተነከሱት ጥቂት ሰዎች ይሸሻሉ። ከእነሱ መካከል አንድ የአውቶቡስ ሾፌርና አንዲት ነርስ አሉ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። መጀመሪያ ኮሚክስ የሚሉት በሥዕል የተተረከ መጽሐፍ ነበር አሉ። ፊልም አድርገውት ይህንኑ ሽሽት እያራዘሙ አምስተኛ ምዕራፍ ደርሰዋል።

መጀመሪያ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር የምቀመጠው። ጀርባ ግን አይሰማም አትበሉ። አንድ ቀን ነርሷ ስትጮህ ዞር አልኩና «ተነከሰች እንዴ?» አልኩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረች። ሰው የሚጠፋው በአንዲት ጥያቄ ነው።

ደግሞ እውነቱን ልናገር። ቤዛ አንድ ቀን አግብታ እንደምትሄድ አውቃለሁ። ከጎኗ የምቀመጥበት ሰዓት እያጠረ ነው። ልጄ የምትቀመጠው ከሙታን ፊት ከሆነ፣ እኔም ከሙታን ፊት እቀመጣለሁ።

ኅሊናዬ ሲወቅሰኝ ንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ ሙታን ሲነሡ የሚያሳይ ፊልም ማየት ኃጢአት ነው?»

«የሚነሡት ለፍርድ ነው?»

«አይ አባ። ሰው ሊበሉ።»

አሰቡና «እንግዲያስ በጾም አትዪው። ሥጋ ይበዛበታል» አሉኝ።

እኔም በጾም ቀን አላየሁም። ረቡዕና ዓርብ ሾፌሩ የት እንደደረሰ ሳላውቅ አድራለሁ፤ ይህም እንደ ስግደት ይቆጠርልኝ ይሆናል።

ኢንተርኔት ከጠፋ ወዲህ ፊልሙ የሚደርሰን በፍላሽ ነው። የሚልክልን ቡሬ ያለ አንተነህ የሚባል የከብት ሐኪም ነው። የከብት መድኃኒት ፍለጋ ቤዛ ወደምትሠራበት መድኃኒት ቤት መጥቶ ነው የተዋወቁት። ያ መድኃኒት ቤት የከብት መድኃኒት እንደማይሸጥ በሩ ላይ ተጽፏል። ልጁ ግን ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ጠየቀ። እኔ ነገሩን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ፍላሹ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ይመጣል። መንገድ የተዘጋ ሳምንት ፍላሽም የለ። ያኔ የሚቀረው ወደፊት የሚሆነውን መገመት ነው። ወጣቶቹ ግምት አይሉትም፤ ቲዎሪ ይሉታል። ቲዎሪያቸውን በወረቀት ጽፈው ከፍላሹ ጋር ይላላካሉ። የቤዛ ቲዎሪ ሾፌሩና ነርሷ ይጋባሉ የሚል ነው። የአንተነህ ደግሞ ሾፌሩ ከተነከሰ ቆይቷል፣ ደብቆ ነው የሚል ነው። ማስረጃው ሾፌሩ ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ግራ እጅጌውን ሰብስቦ አለማወቁ ነው። ሐኪም አይደል፣ እንዲህ ያለውን ያያል።

እኔም አንድ ቀን «እነዚህ ሙታን የሚነሡት ፍትሐት ስላልተደረገላቸው ነው» አልኩ። ቤዛ ስቃ ለአንተነህ ጻፈችለት። እሱ ግን አልሳቀም። «እማማ ትልቅ ነገር ተናግረዋል፤ እስካሁን ቄስ ቀብሮት የተነሣ ሬሳ አላየንም» ብሎ መለሰ። ይህን ልጅ የወደድኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ከዚያ በኋላ አላረፍኩም። ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ግድግዳ ነው፤ የተሰቀለ ፎቶ የቤቱን ዘር ይናገራል። ሌላው ሙታኑን ሲያይ እኔ ግድግዳ አያለሁ። በነርሷ አባት ቤት ግድግዳ ላይ በፈረስ የተቀመጡ ጢማም ሽማግሌ አየሁ። በሾፌሩ እናት ቤትም እኚያው ሽማግሌ፣ እዚያው ፈረስ ላይ።

«መልሺው» አልኳት ቤዛን። መለሰችው። አራት ጊዜ አስመለስኳት።

«ልጄ፣ እነዚህ ልጆች ዘመዳሞች ናቸው። አይጋቡም።»

«እማዬ! ፈረንጆች እኮ ናቸው!»

«ፈረንጅ አያት የለውም?»

በእኛ አገር ሳይጋቡ በፊት እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ በሁለቱም በኩል ይወጡና ዘሩ የሚገናኝ ከሆነ ጋብቻው ይቀራል። እነዚህ ልጆች ከሙታን ሲሸሹ ዘር የሚቆጥርላቸው ሽማግሌ አጥተዋል። አዘንኩላቸው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ቁጭ ብዬ እኔ ቆጠርኩላቸው።

አንተነህ የፎቶውን ነገር ሲሰማ እንዲህ ብሎ ላከ፦ «እማማ፣ ቡሬ ለሁለት ተከፍላለች። ‹ኮሚክሱ ላይ ፎቶው የለም› የሚሉ አሉ። እኔ ግን ‹ፊልም ሠሪው ያለ ምክንያት ፎቶ አይሰቅልም› ብዬ ከእርስዎ ጎን ቆሜያለሁ። ቆጠራውን በጽሑፍ ይላኩልኝና አፋቸውን ላዘጋ።»

ኩራት ኃጢአት ነው። ግን ይጣፍጣል።

በዚያው ሰሞን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎች መጡ። የአንተነህ አባት አቶ ሞላ ነበሩ የላኳቸው። እንደ ወጉ ቆመው «የተከበረ ነገር ይዘን ነው የመጣነ» አሉ፤ ቁጭ በሉ ሲባሉ እንቢ አሉ፤ ኋላም ተቀመጡ። ባለቤቴ «ልጁን አልጠላነውም። ግን ዘር ይቆጠር። መንገዱ እንደምታውቁት ነው፤ እንዳትመላለሱ የእኛን ወገን ጽፈን እንልካለን፣ እናንተ ከራሳችሁ ጋር አስተያዩት» አላቸው። ሁሉም በዚህ ተስማሙ። በቤታችን የምትጽፍ እኔ ነኝ።

እናም ሰኞ ጠዋት ሁለት ወረቀት ጻፍኩ።

አንዱ የቤዛ ዘር ነው። በአባቷ በኩል ሰባት፣ በእኔ በኩል ሰባት፣ ሁሉም ከነስማቸው። ይህ ለአቶ ሞላ ነው።

ሁለተኛው የፊልሙ ነው። የፈረንጅ ስም ምላሴ ላይ አይቆምም። ለሰዎቹ ሁሉ እንደ መልካቸው እኔው ስም አውጥቼላቸው ነበር፤ አንተነህም ይህን ያውቃል። ሾፌሩን «ልጁ»፣ ነርሷን «ልጅቷ» እላቸዋለሁ። በፈረስ የተቀመጡትን ሽማግሌ እንዲያው ሳያቸው ግርማ አላቸው፤ ባላምባራስ ይርዳው አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ልጅቷ፣ አባቷ፣ አያቷ፣ ከዚያ ባላምባራስ ይርዳው። ልጁ፣ እናቱ፣ የእናቱ እናት፣ ከዚያ ባላምባራስ ይርዳው። በአራተኛ ቤት ይገናኛሉ። ያሳዝናል፤ ግን አይጋቡም።» ይህ ለአንተነህ ነው።

ሁለቱንም አጠፍኳቸው። ቤዛ ከመድኃኒት ቤት ባመጣችው ነጭ ፖስታ ከተትኳቸው። በላያቸው ላይ ስም ጻፍኩና በሚኒባሱ ሾፌር እጅ ላክኳቸው። መነጽሬን ሽንኩርቱ ስላስለቀሰኝ አውልቄው ነበር። ሰይጣን ነው ያሳሳተኝ ብዬ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ሰይጣንም ይህን ያህል ሥራ አይፈታም።

ረቡዕ ዕለት አቶ ሞላ ለባለቤቴ ደወሉ። ድምፃቸው ተሰብሯል።

«እንደ እናንተ ያለ ሐቀኛ አላየንም» አሉ። «ሌላ ሰው ቢሆን ደብቆ ልጁን ይድር ነበር። እግዚአብሔር ከኃጢአት አወጣን። ጋብቻው ቢቀር፣ ዝምድናው አለን። እንጠያየቅ።»

ባለቤቴ ስልኩን ዘግቶ አየኝ። «ምን ብለሽ ነው የጻፍሽ?»

«ያንተን ሰባት፣ የእኔን ሰባት።»

«ታዲያ በማን ተዛመድነ?» ጥቂት አሰበና «ሰከላ የሄደች አንዲት የአያቴ እኅት ነበረች ይላሉ…» አለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እሱም አመነ። ሰው ዘመድ ፈልግ ከተባለ ከድንጋይ ሥርም ያወጣል። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይላሉ፤ በዚያ ሳምንት ግን የዘመድ መብዛት አስጠላኝ።

ቤዛ አላለቀሰችም። ሥራ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እጇን ታጠበች፣ ማዕድ ስናቀርብ «በልቻለሁ» አለች። አልበላችም ነበር። አንተነህ ለከብት ክትባት ገጠር ወጥቷል፤ ስልኩ አይሠራም። ስለ መለያየታቸው የሰማ ይሁን ያልሰማ አናውቅም። ቴሌቪዥኑ ፊት እንደ ልማዷ ትቀመጣለች፤ ግን አትከፍተውም። እኔም ከጎኗ እቀመጣለሁ። ሁለታችንም ጥቁሩን መስታወት እናያለን። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ፈቃድህ ይሁን» ብዬ ጸለይኩ። ቃሉ ከአፌ እንጂ ከልቤ አልነበረም፤ እሱም ይህን ያውቃል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሚኒባሱ ፍላሽ አመጣ። ከፍላሹ ጋር አንተነህ ማክሰኞ ዕለት፣ ገጠር ሳይወጣ የጻፈው ደብዳቤ ነበር።

«ለእማማ» ይላል። «የላኩልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ይህን ያህል ጠልቀው ሰባት ቤት ይሄዳሉ ብዬ አልጠበቅሁም። ግን አንዳንዱን ሰው መለየት አቃተኝ። አያ ደሴ ያሉት ያ መጥረቢያ የማይለየው ሰውዬ ነው ወይስ በሦስተኛው ምዕራፍ ከጉድጓድ የወጣው ሬሳ? ወይዘሮ አትጠገብስ? አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ሰው የነከሰችው አሮጊት ትሆን ብዬ ገምቻለሁ።»

አያ ደሴ አማቼ ናቸው፤ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ወይዘሮ አትጠገብ እናቴ ናት። እናቴ በዕድሜዋ ሙሉ ሰው ነክሳ አታውቅም።

ተቀመጥኩ። ደብዳቤውን እንደገና አነበብኩ። ከዚያም ነገሩ ሁሉ ታየኝ። የልጄ ዘር አንተነህ ኪስ ውስጥ ነው። ባላምባራስ ይርዳው ደግሞ አቶ ሞላ ቤት ገብተዋል።

ለባለቤቴ ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አልቅሶ መሰለኝ። እየሳቀ ነበር።

«በል ደውልና ንገርልኝ» አልኩት።

«ምን ልበላቸው? ‹ሚስቴ ዘር የቆጠረች ለሬሳ ነው› ልበል? ባላምባራሱን ያመጣሻቸው አንቺ ነሽ፤ ሄደሽ አንቺው መልሻቸው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የፖስታ ወለምታማ ምን ይበጀዋል? የቤዛን ዘር መነጽሬን አድርጌ እንደገና ጻፍኩና ቅዳሜ ማለዳ ቡሬ ሄድኩ። ለቤዛ አልነገርኳትም። ባይሳካልኝ ሁለት ጊዜ እንዳታዝን ብዬ ነው።

የአቶ ሞላን በር ሳንኳኳ ሚስታቸው ወጥተው አቅፈው ሳሙኝ። «ዘመዳችን መጣች!» አሉ። አቶ ሞላም ተነሡ። «ግቢ እንጂ፣ ቤትሽ አይደል!»

በሽማግሌ ሲልኩብን «እርስዎ» ነበር የሚሉኝ፤ ለአማት የሚገባው አክብሮት እሱ ነው። አሁን ዘመድ ሆኛለሁና አንቺ አሉኝ። በፍቅር ነው ያሉኝ፤ እያንዳንዷ «አንቺ» ግን ልጄን ከልጃቸው ታራርቅ ነበር።

ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አባ ተድላ ይባላሉ። በዚያ አካባቢ የሰውን ሁሉ ዘር የሚቆጥሩ እሳቸው ናቸው። እሳቸው «ይጋባሉ» ካሉ ይጋባሉ፤ «አይጋቡም» ካሉ ደጋሹ ድንኳኑን ያፈርሳል። አቶ ሞላ ነገሩን እንዲያጣሩላቸው ከገጠር አስመጥተዋቸው ነበር።

«አባ ተድላም አረጋገጡልን» አሉኝ አቶ ሞላ በሐዘን። «ባለቤቴ የእናቷን አባት በውል አታውቅም ነበር፤ እሳቸው ግን ባላምባራስ ይርዳውን ያውቋቸዋል።»

«ያውቋቸዋል?» አልኩ።

«እንዴት አላውቃቸው!» አሉ አባ ተድላ። «ልጅ ሆኜ አይቻቸዋለሁ። ዳልቻ በቅሎ ነበረቻቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው ወንዝ ማዶ ይሰማል።»

«ፈረስ አልነበረም?» አመለጠኝ።

«በቅሎ! ፈረሱን ኋላ ነው የገዙ።»

እኔ የፈጠርኩትን ሰው በቅሎ ከነቀለሟ ነገሩኝ። ለአንድ አፍታ እኔም ተጠራጠርኩ። ነበሩ ይሆን?

«አባ» አልኩ፣ «ባላምባራስ ይርዳው እኮ የሉም።»

«ታዲያ የሉም። ዐርፈዋል።»

«አይ አባ። አልነበሩም።»

ያለችኝን ቃል ሁሉ አውጥቼ ተናገርኩ። ፊልሙን፣ ሾፌሩን፣ ነርሷን፣ የግድግዳውን ፎቶ፣ ሽንኩርቱን፣ ፖስታውን። በሕይወቴ ይህን ያህል አውርቼ አላውቅም።

አቶ ሞላ ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉት። «እና እዚህ ላይ ‹ያሳዝናል፤ ግን አይጋቡም› ያልሽው…»

«ለነርሷና ለሾፌሩ ነው።»

ሚስታቸው ዘለው ተነሡ። «ኧረ ምነው! እነሱማ ይጋቡ! ስንት ምዕራፍ ሙሉ አብረው ሸሽተው!»

አቶ ሞላ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ይህን ከየት አወቅሽው?»

«አንተነህ ሲያይ በበሩ እያለፍኩ ነው…» አሉና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። በበር እያለፈ አምስት ምዕራፍ ያየ ሰው እሳቸው ብቻ መሆን አለባቸው።

ሳቅ ሊመጣ ነበር፤ ግን አልመጣም። ሦስታችንም በአንድ ጊዜ አባ ተድላን አየን። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ጨብጠው መሬት ያያሉ። ስንት ጋብቻ በእሳቸው ቃል ቆሟል! ዛሬ ስለሌለ ሰው መስክረው ተገኙ። ይህ ወሬ ከዚያ ቤት ከወጣ ከእንግዲህ ማን ያምናቸዋል? ልጄን ላድን መጥቼ ሽማግሌ ላዋርድ ነው። እመቤቴን ጠራሁ።

«አባ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ስም ይገጥማል። እኔ ዝም ብዬ ያወጣሁት ስም ነው። የእርስዎ ባላምባራስ ይርዳው ሌላ ሰው ናቸው።»

አባ ተድላ ቀና ብለው አዩኝ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሌላ ናቸው እንጂ» አሉ። «የእኔው ባላምባራስ ሦስት ሚስት አግብተው ልጅ አልወለዱም። ዘራቸው በዚያው ቀረ።»

«ነፍሳቸውን ይማር» አሉ አቶ ሞላ።

«ይማር» አልን ሁላችንም። እኔም ብያለሁ። ላልነበረ ሰው ነፍስ ይማር ማለት ምን እንደሚያስቀጣ ንስሐ አባቴን ገና አልጠየቅኋቸውም።

ከዚያ አዲሱን ወረቀት አወጣሁ። አባ ተድላ እያንዳንዱን ስም ጮክ ብዬ እንዳነብ አዘዙኝ። አንድ ስም ባነበብኩ ቁጥር ከአንተነህ ወገን እኩያውን ከቃላቸው ይጠሩና አንድ ጣት ያጥፋሉ። አያ ደሴ ታለፉ። እናቴ ታለፈች። አምስተኛው ቤት ላይ ቆም ሲሉ ትንፋሼን ያዝኩ፤ አሳላቸው እንጂ ሌላ አልነበረም። ሰባተኛው ላይ እጃቸውን ዘረጉ።

«ንጹሕ ነው። አይገናኙም። ይጋቡ።»

የአንተነህ እናት እልል አሉ። አቶ ሞላ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጎንበስ አሉልኝ። «እንግዲህ እርስዎ ወደዚህ ከፍ ብለው ይቀመጡ እንጂ፤ ምነው በር ላይ ሆኑ!» አሉኝ።

ሰው ሲርቀኝ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄድኩ። ቤዛ ነጭ ጋውኗን ለብሳ መደርደሪያ ታስተካክላለች። ጋውኑ በሦስት ቀን ሰፍቶባታል። አየችኝ። ከየት እንደመጣሁ ከጫማዬ አቧራ ገባት፤ የሆነውን ለመጠየቅ ግን ፈራች።

እኔም ቃሌን ሁሉ ቡሬ ጨርሼው መጥቻለሁ። ከቦርሳዬ የአንተነህ እናት የቋጠሩልኝን ድፎ ዳቦ አወጣሁና ቆርሼ ሰጠኋት።

«ብዪ» አልኳት። «አማትሽ የላኩልሽ ነው። እንዲህ ከስተሽ ብትሄጂ ከፊልሙ ያመለጥሽ ይመስላቸዋል።»

ዳቦውን እንደያዘች ቆመች። «አማትሽ» ያልኩት ቀስ ብሎ ገባት። ከዚያ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ እያለቀሰችም በላች። ቆሜ እስክትጨርስ አየኋት። ተመስገን።